«ስመረቅን ተመስጦ ውስጥ እገባለሁ»
የሥነ ልቦና ባለሙያው ከድሬዳዋና ከሐረር ለደወሉ አድማጮች የሰጡት መልስ ነው። የዕለቱ ጉዳይ ተመስጦ ነበር፤ ሥራ ውስጥ ጭልጥ ብሎ መግባት።

ከሐረር ጁገል፦ ስፌት ስይዝ ሰዓቱ አይታወቀኝም። ትናንት ወጥ አሳረርኩ። ባለቤቴ «ተመርመሪ» ይለኛል። በሽታ ነው?

እህቴ፣ ያረረው ወጡ ነው፤ አንቺ ደህና ነሽ። ይህን ፍሎው ብሎ የሰየመው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባል የሃንጋሪ ዘር ያለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 አረፈ። በመጀመሪያ ሠዓሊዎችን ነበር የሚያጠናው። ሲሥሉ ረሃቡንም ድካሙንም ይረሱታል። ሥዕሉ ሲያልቅ ግን ጥግ ያስይዙትና ሌላ ይጀምራሉ። ደስታው ያለው መሥራቱ ላይ ነው። ያንቺም እንደዚያው ነው። የምትሠሪውን ታውቂያለሽ። አንዷ አለላ ከመስመሯ ከወጣች ወዲያው ታዪያታለሽ። ጥለቱም ለእጅሽ አይቀልም፣ አይከብድም። እነዚህ ሲገጥሙ አእምሮ ሰዓት የሚቆጥርበት ትርፍ ቦታ አይኖረውም። ምድጃ ላይ ድስት ጥደሽ ግን ስፌት አትያዥ። ሲመሽም አስቀምጪው፤ እንቅልፍ አይነካም!

ከከዚራ፦ ሥራ ላይ ዘፈን ብከፍት ይረብሻል?

ልብስ ለማጠብ ክፈት፤ ለማንበብ ዝጋ።

ከሳቢያን፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሳልቅም ማንበብ አልችልም። ስመረቅን ግን እርስዎ ያሉት ተመስጦ ውስጥ እገባለሁ። ልዩነቱ ምንድነው?

አቦ! ይህችን ጥያቄ በሳምንት ስንቴ እንደምሰማት! ቁጭ በል ልጄ፣ ዛሬ አልለቅህም።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይደክማል። ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ የሚወጣው መኪና እንደ አምቡላንስ የሚከንፈው ለምን ይመስልሃል? ጫቱ ልብህን ያስሮጣል፣ ደም ግፊትህን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብህን ይዘጋል። ንቁ ያደርግሃል፣ አልክድህም። ግን ንቁ መሆንና መግባት ለየቅል ናቸው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት አፍጥጦ «ገባኝ» የሚል ስንት ሰው አውቃለሁ። በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ የተሠራ ፎቅ ሁሉ ጠዋት የት ነው? በተመስጦ ጊዜ ሥራው ራሱ «ተሳስተሃል» ይልሃል። ምርቃና ግን ስትሳሳትም ያጨበጭብልሃል።

ከዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ መጠጥ ማለት ነው። ሲነጋ ዱካክ የሚሉት ቅዠት፣ ከሰዓት ሐራራ የሚሉት የጫት አምሮት፣ እንደገና ቅጠል። ያነበብከው የሚረጋው ደግሞ ስትተኛ ነው። እንቅልፍ አይነካም ብያለሁ! እናንተም ባጃጅ ነጂዎች፣ እየሰማችሁኝ ነው፤ ከጨብሲ በኋላ መሪ አትያዙ። «ባህላችን ነው» የምትሉኝ አባቶች አትቀየሙኝ፣ ስለ ዱዓችሁ አይደለም የማወራው።

እንዲህ አድርግ። ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው። 25 ደቂቃ ብቻ አንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተህ ጥያቄ ሥራ፤ ምላሹን ወዲያው ታገኛለህ። መጀመሪያ ላይ ታዛጋለህ፣ ትነጫነጫለህ። ያልፋል። ካቃተህ ጤና ጣቢያ ሂድና ለባለሙያ ንገር። ነውር የለውም።

ከመጋላ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ጌም ሲጫወት ብጠራው አይሰማም። ተመስጦ ነው ወይስ ሱስ?

ጌም ተመስጦ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ሲጎብዝ ጨዋታውም አብሮ ይከብዳል። ሲያጠፋው እዪው። ተነስቶ ከበላና ከወጣ ብዙ አትጨነቂ። ዕቃ የሚወረውር፣ ትምህርቱን የተወ ከሆነ ይዘሽው ወደ ባለሙያ ነይ። ቲክቶክ ግን ሌላ ነው፤ ጣት ከማንሸራተት ሌላ ምን ችሎታ ይጠይቃል? ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ አንቺ ጋ ይደር። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ከሐረር፦ ወንድሜ ከተኛ አምስት ቀን ሆነው። ደከመኝም አይልም። ሌሊቱን የንግድ ሐሳብ ይጽፋል፣ በጣም ቶሎ ቶሎ ያወራል፣ ሞተሩን በርካሽ ሸጠው። ጫት አይቅምም። ይህም ተመስጦ ነው?

አይደለም። በራዲዮ የሚመለስ ጉዳይም አይደለም። ዛሬውኑ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። አትከራከሩት፣ ብቻውንም አትተዉት። ለሐኪሙ ስንት ቀን እንዳልተኛ ንገሩ።