ነርስ ፕሮፌሰር ሲሆን ሥራው ምንድነው?

[ምስል፦ የታካሚ ቻርት በቅርብ። የአተነፋፈስ ረድፉ ላይ 20፣ 20፣ 20 ተጽፏል።]

ይህን ቻርት ልብ ብላችሁ እዩት። ታካሚው የስምንት ወር ሕፃን ነው። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ የሚጻፍበት ረድፍ ላይ ጠዋት 20፣ ከሰዓት 20፣ ማታም 20 ይላል። ቻርቱን ለማሳያ ያዘጋጀነው እኛው ነን። ሆስፒታል የሠራ ሰው ግን እንዲህ ያለ ረድፍ አይቶ ያውቃል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? 20 ለአዋቂ ሰው የሚሆን ቁጥር ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ጤነኛ ሆኖም ከዚያ በላይ ይተነፍሳል። ስለዚህ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። አንዱ ገምቶ ሞላው፣ ቀጣዩ ተረኛ ከላይ ያለውን ገለበጠ።

የዛሬው ቪዲዮ ስለ ነርሲንግ ፕሮፌሰር ነው። ከዚህ ረድፍ የጀመርነው በከንቱ አይደለም።

[ምስል፦ ሐረር ከሩቅ፣ የጁገል ግንብ። ከዚያ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች።]

"ነርስ ደግሞ ፕሮፌሰር ይሆናል እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ አገር ሴቷ "ሲስተር" ናት፤ ወንዱን ታካሚው በደፈናው "ዶክተር" ብሎት ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ማዕረግ ያለ አይመስለንም። አለ። በዓለም የመጀመሪያዋ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ካናዳ የተወለደችው ሜሪ አደሌድ ነቲንግ ናት። ማዕረጉን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1907 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ ነው። እኛም ጋ ሙያው የተናቀ አልነበረም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ሄዳ፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። የንጉሥ ልጅ ናት እንግዲህ።

ሐረር ላይ መንገዱ ምን ይመስላል? የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ዋናው ግቢ ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ሐረር ከተማ ነው። ተማሪዎቹ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ገብተው ይለማመዳሉ። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ዋርድ፣ ማለትም ታካሚ የሚተኛበት ክፍል፣ እና የሌሊት ተራ። ከዚያ ማስተርስና ሌክቸረርነት፣ ፒኤችዲ፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ለመናገር ቀላል ነው፤ ዕድሜ ግን ይበላል።

[ምስል፦ እናት የታቀፈችው ሕፃን። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በቅርብ ይታያል። ጥግ ላይ የሰዓት ሰከንድ።]

አሁን ወደ ዋርድ እንግባ። ፕሮፌሰሯ በተማሪዎቿ ተከብባ ቆማለች እንበል። ትምህርቱ ትንፋሽ መቁጠር ነው። የልጁን ልብስ ከደረቱ ላይ ገለጥ አድርጉ ትላለች። ሲያለቅስ አትቁጠሩ፤ ሲጠባም አትቁጠሩ፤ እናቱ ታቅፋ ታረጋጋው። ሰዓት ያዙና ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ብሎ ነገር የለም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ልጅ በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ። ሁለት ወር ላልሞላው ደግሞ 60። ልጁ እያሳለው እንዲህ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። አያችሁ፣ ያ ረድፍ ላይ በግምት የገባው 20 ሊደብቅ የሚችለው ይህን ነው። ልጁ 58 እየተነፈሰ ወረቀቱ "ደህና ነው" ይላል።

ሐረር ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። እናትየዋ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ከመጣች የምታወራው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከጅጅጋ በኩል ከሆነ ሶማሊኛ። "እስኪ አንድ ጊዜ ከጡት አንሺው" ለማለት ቋንቋው የሌለው ተማሪ ጓደኛውን ይለምናል። የትኛውም ቼክሊስት ላይ አልተጻፈም እንጂ ይሄም የጥራት ጉዳይ ነው።

[ምስል፦ ሦስት ሳጥኖች፦ ያለው አቅም፣ አሠራሩ፣ ውጤቱ።]

ጥራት የሚለው ቃል ስብሰባ ላይ ብዙ ይባላል። ነገሩን ለመለካት መላ የዘየደው አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል ሐኪም ነው። ቤሩት ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። አርመን ደግሞ ለሐረርም ለድሬዳዋም እንግዳ አይደለም፤ የድሮ ጎረቤት ነው። ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ሕክምናን በሦስት በኩል እዩት አለ፦ ምን አላችሁ? እንዴት ትሠራላችሁ? ታካሚው ምን ሆነ?

ወደ ረድፋችን እንመልሰው። ተረኛዋ ነርስ ለምን አልቆጠረችም? ሰነፍ ናት ብሎ መደምደም ይቀላል። ፕሮፌሰሯ ግን ሌላ ጥያቄ ትጠይቃለች። ግድግዳው ላይ የሚሠራ ሰዓት አለ? ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት አልጋ ትይዛለች? የተረኞች ርክክብ ላይ ስለ ትንፋሽ የሚጠይቅ አለ? ከዚያ አንድ ዋርድ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ይሞከራል። ለምሳሌ በርክክብ ሰዓት ወጪውና ገቢው ተረኛ አንድ ሕፃን መርጠው አብረው ይቆጥራሉ፣ ከቻርቱ ጋር ያስተያያሉ። ከሠራ ይቀጥላል፤ ካልሠራ ይቀየራል። የጥራት ሥራ የሚባለው ባብዛኛው ይሄው ነው። በባነርና በቲሸርት የሚደምቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የጥራት ስትራቴጂ አውጥቷል። ስትራቴጂው ጥሩ ነው። ዋርድ ድረስ የሚያወርደው ግን ሰው ነው።

ሰው ብቻም አይበቃም፤ ውሃ ያስፈልጋል። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ምን ያህል እንደተጠማች የከተማው ሰው አይረሳውም። በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ እጁን የሚያጸዳባቸውን አምስት ወቅቶች ዘርዝሯል፤ ታካሚ ከመንካት በፊት አንዱ ነው፣ ከነኩ በኋላ ሌላው። ተማሪው አምስቱንም በቃሉ ይወጣዋል። ቧንቧው ደረቅ ከሆነ ግን አልጋው አጠገብ በአልኮል የተዘጋጀ የእጅ ማሻ መኖር አለበት። ፕሮፌሰር የሚያክል ሰው ስለ ጀሪካንና ስለ አልኮል ጠርሙስ ሲጨቃጨቅ ብታዩ እንዳይገርማችሁ።

[ምስል፦ የመጽሔት ገጾች፣ ቀጥሎ የዋርድ ጠረጴዛ።]

አንድ የማይመቸኝ ነገር አለ። የማዕረግ ዕድገት ሲጠየቅ የታተመ ጽሑፍ ሚዛኑ ከባድ ነው። ዋርድ ውስጥ ቆሞ የተማሪን እጅ ማረም በቀላሉ አይቆጠርም። ስለዚህ ጎበዙ አስተማሪ ቀስ በቀስ ከአልጋው ይርቅና ከኮምፒውተር ጋር ይቀራል። ብልሆቹ ሁለቱን ያገናኛሉ። የትንፋሽ ቆጠራው ከለውጡ በፊትና በኋላ ስንቱ ትክክል እንደነበር ይመዘግባሉ፤ ያው መዝገብ ጥናት ሆኖ ይታተማል። እንዲህ ሲሆን የዋርዱ ኃላፊ ሲስተርም ስሟ ከደራሲዎቹ ጋር መግባት አለበት ባይ ነኝ። ሌሊት ተነስታ ቁጥሩን የሰበሰበችው እሷ ናት።