ኮንትሮሉ ሲወድቅ፦ ለሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች፣ የባዮሜዲካል መሐንዲሶች፤

ስለ ላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጥራት በተነሣ ቁጥር የሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) እጥረትና የመለዋወጫ ችግር ቀድሞ ይመጣል። ችግሩ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማተኩረው ለማረም ብር በማይጠይቅ አንድ ልማድ ላይ ነው፤ እርሱም ኮንትሮሉ (መሣሪያው በትክክል መለካቱን የምንፈትንበት፣ ልኩ የታወቀ ናሙና) ከገደቡ ሲወጣ ምክንያቱን ሳይፈልጉ «እስኪገባ» ድረስ ደጋግሞ መሥራት ነው።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ደኅና የሆነ መሣሪያ እንኳ ከ20 የኮንትሮል ንባቦች አንዱን ያህል ከ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ንባቦች ከአማካያቸው የሚርቁበት መለኪያ) ውጭ ስለሚያወጣ፣ ሲደገም የሚገባ ንባብ ሁሉ የአጋጣሚ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የቀረቡት የዌስትጋርድ ሕጎች፣ ማለትም የኮንትሮል ንባብ መቼ ውድቅ እንደሚሆን የሚወስኑት መመሪያዎች፣ የሚረዱን አጋጣሚውን ከእውነተኛው ብልሽት እንድንለይ ነው። የፖታሲየም ኮንትሮላችን አማካይ 4.0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.1 ሚሊሞል በሊትር ነው እንበል። ትናንት 4.23፣ ዛሬ 4.25 ካነበበ፣ ሁለቱም ከ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በታች ቢሆኑም፣ በተከታታይ በአንድ ወገን ከ2 በላይ ስለወጡ የታካሚ ውጤት መልቀቅ ይቆማል። ሦስተኛ ሠርተን 4.18 ብናገኝ «ገባ» ብለን እንደሰታለን፤ ነጥቡ ግን አሁንም ከአማካዩ በላይ፣ በዚያው ወገን ነው። በዚህ ሁኔታ እውነተኛ ልኩ 4.9 የሆነ ታካሚ 5.1 ተብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሙም የሚያየው የውጤት ወረቀቱን እንጂ የኮንትሮል ንባቦችን በነጥብ የምናሰፍርበትን ቻርታችንን አይደለም።

ምክንያቱን ለመፈለግ ቻርቱ ራሱ ይመራናል። ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን ከሄዱ ያረጀ ኤሌክትሮድ ወይም በመሣሪያው ውስጥ ያለ የደከመ አምፖል፣ በአንድ ቀን ከዘለሉ የሎት (የሪኤጀንት ምርት ዙር) ለውጥ ወይም የካሊብሬሽን (የመሣሪያውን ልኬት የማስተካከል) ስህተት ይጠረጠራል። የወደቀውን ንባብ ከመዝገብ የሚሰርዝ ሰው ይህን መሪ ነው የሚያጠፋው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም መሣሪያው በቂ ጊዜ ሞቆ ኮንትሮሉ ሳይሠራ ናሙና መጫን አይገባም፤ ዩፒኤስ (የኃይል መጠባበቂያ) መኖሩ ይህን አያስቀርም።

ይኸው ጥድፊያ የባለሙያውንም ደኅንነት ይነካል። ሴንትሪፉጅ (ናሙናን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ መሣሪያ) ውስጥ ቱቦ መሰበሩ ሲጠረጠር ክዳኑን ወዲያው መክፈት የተለመደ ነው፤ ትክክለኛው ግን መሣሪያውን አጥፍቶ፣ በአየር ላይ ያሉት ጥቃቅን ጠብታዎች እስኪረግፉ 30 ደቂቃ ያህል ሳይከፍቱ መጠበቅ ነው። ስብርባሪው የሚነሣው በወፍራም ጓንትና በመቆንጠጫ ነው። የኬሚስትሪ ማሽን ፍሳሽም ተራ ውኃ አይደለም፤ ከናሙናው ሌላ አንዳንድ ሪኤጀንቶች የያዙት ሶዲየም አዛይድ በመዳብና በእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ የሚችል ውሁድ ይሠራል። የማሽኑ ናሙና መቅጃ መርፌ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እጅ ማስገባትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችን ግን እናደርገዋለን።

ለኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ምርመራ አቁሞ ወረፋ የሚያስረዝም ባለሙያ ወቀሳ የሚጠብቀው ከሆነ፣ ኮንትሮሉን እስኪገባ መደጋገሙ አይቀርም። ስለዚህ የሌሊት ተረኛውም ቢሆን ውጤት ሳይለቅ የመያዝ ሥልጣን እንዳለው፣ ለሐኪሞች ማን እንደሚያሳውቅና ናሙናው ወደ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚላክ በጽሑፍ ይወሰን፤ ውሳኔውም መሣሪያው አጠገብ ይለጠፍ።

አመሰግናለሁ።