ይሄን ገፅ ቤታችሁ አንብቡት

እንደምን አደራችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ቡልታን ወላጆች። ቅዳሜ ጠዋት በዚህ የጅማ ዝናብ ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ቀጥታ ልግባ። የጠራኋችሁ ለአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ልጆቻችሁ ስለ ጉርምስናና ስለ ወር አበባ ክፍል ውስጥ ላስተምር ስለሆነ ነው። እኔ ሳይንስ ሳስተምር ስነ ተዋልዶ ጋ ስደርስ ለስንት አመት "ይሄን ገፅ ቤታችሁ አንብቡት" ብዬ ነበር የማልፈው። አፍሬ ነው በቃ። ልጆቹ ደግሞ ሌላውን ሳያነቡ እሷን ብቻ ነው የሚያነቧት፣ መፅሐፋቸውን ብታዩት የዛች ገፅ ጠርዝ ጠቁሯል።

ያስቆመኝ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ደወል ተደውሎ ሁሉም ለእረፍት ወጣ፣ እሷ ቁጭ። ተነሺ ስላት ዴስኩን ጥርቅም አድርጋ ይዛ "ቲቸር ልሞት ነው" አለችኝ፣ ደም አይታ ውስጧ የሆነ ነገር የተበጠሰ መስሏታል። እኔ ያን ሁሉ አመት ያስተማርኩት ሰውዬ የምላት ጠፋኝ። ሹራቤን አውልቄ ወገቧ ላይ እንድታስረው ሰጠኋትና ሴት ቲቸር ልጠራ ሮጥኩ። እናቷ ምንም አልነገረቻትም ነበር፣ ግን በምን አፌ ልፍረድባት፣ እኔ ራሴ ገፁን ዘልዬ የለ እንዴ።

"ገና ልጆች ናቸው ሲደርሱ ይነገራቸዋል" ትላላችሁ። ደርሰዋል እኮ! ሴቷ ላይ የጉርምስና ለውጡ ከ8 እስከ 13 አመት ባለው ውስጥ ይጀምራል፣ ወንዱ ላይ ከ9 እስከ 14፣ የኛ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍሎች መሀሉ ላይ ናቸው። ወንዶቹን ደግሞ ጭራሽ ረስተናቸዋል፣ ድምፁ ሲጎረንን እንስቅበታለን እንጂ ሌሊት ዘር ሲፈሰው ታመምኩ ብሎ አንሶላውን ደብቆ የሚያጥበውን ማን አየው።

ሀይማኖታችን አይፈቅድም ያላችሁኝም አላችሁ። መድረሳ እኮ ስለ ሐይድ፣ ማለት ስለ ወር አበባ፣ እና ስለ ትጥበት ቁጭ ብለው ነው የሚማሩት፣ ሕልመ ሌሊት፣ ያው ሌሊት ዘር መፍሰሱን፣ የሚለውንም ቃል እኔ አላመጣሁትም ቄሶቹ ድሮም ያውቁታል። ነውሩ ያለው እኛ ጋ ነው። እዚሁ ጅማ ሄርማታ ገበያ ሱቅ ገብታችሁ ሞዴስ ስትሉ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከቶ ነው የሚሰጣችሁ፣ ኮንትሮባንድ ይመስል!

ካስተማርናቸው ይባልጋሉ የሚለው ስጋት ይገባኛል፣ እኔም አባት ነኝ። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው መመሪያ ላይ ብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችን አይቶ ትምህርቱ ልጆችን ወደ ግንኙነት እንደማያቻኩል ፅፏል። ዝም ብንልም ቲክቶክና ቴሌግራም ዝም አይሉም፣ እዛ የሚያዩትን እኔ እዚህ መድረክ ላይ አልነግራችሁም።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በወንጀል ህጋችን ከ13 አመት በታች ያለች ሴት ልጅ የደፈረ ወንድ ከ13 እስከ 25 አመት ይታሰራል። ቅጣቱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ የተደረገበትን በምን ቃል ይንገር? የብልት ስም ስድብ ብቻ ሆኖ ከቀረበት፣ ሊናገር ሲል "ባለጌ" ተብሎ አፉን ይመታል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የማስተምረው ስሞቹን ነው፣ ቀጥሎ ማንም ዘመድ ይሁን ጎረቤት ይሁን እኔም ብሆን ያለፍላጎታቸው ሲነካቸው እንዲጮሁና ለሚያምኑት ሰው እንዲናገሩ።

ወንድና ሴት ለይተህ አስተምር ያላችሁኝን አስቤበታለሁ። ጥያቄ ለመጠየቅ ያህል ለየብቻ ይሆናሉ፣ ትምህርቱን ግን አብረው ይማሩታል፣ ወንዱ ስለ ወር አበባ ካላወቀ ነገ የቀሚሷን ነጠብጣብ አይቶ የሚስቀው እሱ ነው።

ሰኞ ሶስተኛ ፔሬድ ላይ እንጀምራለን፣ ልጆቹ ፔሬድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከአሁኑ ይሳሳቃሉ እንግዲህ ምን ላድርግ። የፈለጋችሁ ኑና ኋላ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፣ ወንበር አለ። ሞዴስ ማምጣት የምትችሉ ደግሞ ለሴቶቹ ቲቸሮች ስጧቸው፣ ጋዜጣው ይቅር።