ሮኬቱን የሠሩት እነማን ናቸው?

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ፔኔሙንደ ነው የማወራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ፔኔሙንደ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ባልቲክ ባህር ዳር ኡሰዶም የምትባል ደሴት ላይ ያለች ትንሽዬ መንደር ናት። የናዚ መንግሥት በ1936 ቦታውን ወሰደና የሮኬት መሞከሪያ አደረገው፣ ምክንያቱም ጫካ ነው፣ ገለል ያለ ነው፣ ሮኬቱን ደግሞ የባህሩን ዳር ይዞ ወደ ምሥራቅ መተኮስ ይቻላል። ኦክቶበር 3 ቀን 1942 ላይ በኋላ ቪ-2 የተባለው የጦር መሣሪያ ሮኬት ተተኮሰ፤ 14 ሜትር ቁመት፣ ከ12 ቶን በላይ ክብደት፣ ነዳጁ አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን፣ እና ወደ 85 ኪሎሜትር ከፍታ ወጥቶ 190 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ባህር ውስጥ ገባ። የህዋ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ደስታቸው ያስታውቃል፣ እኔም ኢንጂነሪንጉ በጣም ይደንቀኛል። እኔን የሚያመኝ ግን ትረካው እዛ ላይ ሲቆም ነው።

ኦገስት 1943 እንግሊዞች በአንድ ሌሊት ወደ 600 የሚጠጉ ቦምብ ጣዮች ላኩ። መጀመሪያ የተጣለው የዒላማ ምልክት ስቶ ትራሰንሃይደ የሚባል ካምፕ ላይ ወደቀ፣ እዛ ደግሞ የሚያድሩት ከሌላ አገር ተገደው የመጡ ሠራተኞች ናቸው። በመቶዎች አለቁ። የሞተሩ መሐንዲስ ዋልተር ቲልም በዛ ሌሊት ከነቤተሰቡ ሞቷል፣ የሱን ስም ግን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፣ የነሱን ማን ይጠራል?

ከዛ በኋላ ፋብሪካው ኖርድሃውዘን የምትባል የጀርመን ከተማ አጠገብ ተራራ ሥር ዋሻ ውስጥ ገባ። ሚተልባው-ዶራ የሚባለው ማጎሪያ ማለት ነው፣ ሮኬቱን እንዲሠሩ የተገደዱት እስረኞቹ ናቸው። ወደ 60,000 እስረኛ አልፎበታል፣ ወደ 20,000 የሚሆነው ሞቷል፣ በረሃብ፣ በበሽታ፣ በድብደባ፣ በስቅላት። የመጀመሪያዎቹ ለወራት እዛው ዋሻ ውስጥ አቧራና ጫጫታው መሃል ነበር የሚተኙት፣ ፀሐይ የለ ውሃ የለ። ለንደንና የቤልጂየሟ አንትወርፕ ላይ ወድቆ ከገደለው በላይ ሮኬቱ ሲሠራ የሞተው ሰው ይበልጣል፣ እስቲ አስቡት!

የሮኬቱን ሥራ የመራው ዋናው መሐንዲስ ቨርንሄር ፎን ብራውን የኤስኤስ፣ ማለትም ማጎሪያዎቹን ያስተዳድር የነበረው የናዚ ድርጅት፣ አባል ነበር፣ ዋሻው ድረስም ሄዷል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ወሰደችው፣ ሰው ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሳተርን 5ን ሠራ፣ ተከብሮም ሞተ። አብሮት የሄደው አርተር ሩዶልፍ፣ ዋሻው ውስጥ ምርቱን ሲመራ የነበረው ማለት ነው፣ እሱም የሳተርን 5 ፕሮግራም ኃላፊ ሆነ፤ ስለ እስረኞቹ ምርመራ የመጣበት ስንት ዘመን ቆይቶ ነው፣ በ1984 የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ ጀርመን ገባ። ፍርድ ቤት ግን አልቆመም።