ከዝውውሩ ሳምንት በፊት፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመትና ለመስቀል በዓል በሰላም አደረሳችሁ። እንኳን ወደ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ። ድፎውን ለጋገሩልን እናቶች፣ አዳራሹን ላሰናዱልን ወጣቶች እግዚአብሔር ይስጥልን።

በዓመቱ የሠራነውን በአጭሩ ልጥቀስ። የአውስትራሊያ እግር ኳስ (ፉቲ) ክለባችንን፣ የዌስተርን ቡልዶግስን ጨዋታ አብረን ሄደን ተመልክተናል። ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይና አካባቢው ለገቡ አዳዲስ ቤተሰቦች የፉቲን ሕግ በአማርኛ አስረድተናል። የልጆቹ የቅዳሜ ልምምድ አልተቋረጠም። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። በዚህ ሁሉ ኮርቻለሁ፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም።

ዓመቱን ሙሉ የከረምንበት ጉዳይ ግን በዚያ ወረቀት ላይ የለም። ቡልዶግስ በ2024 ኦክቶበር ቤይሊ ስሚዝን ለጂሎንግ የሰጠበት ዝውውር ነው። (ዛሬ የምጠራቸው የውድድር ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በዋናነት ያገኘነው 17ኛውን ፒክ ነበር፤ ፒክ ማለት ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት ላይ ያለ የመምረጫ ተራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበራችን ለሁለት ተከፈለ። «በነፃ ሰጡት» ያሉ በአንድ ወገን፣ «ደህና ገላገሉን» ያሉ በሌላ ወገን። ከጨዋታ በኋላ አብረን የምንጠጣው ቡና ቀረ። ስሚዝ ዘንድሮ በጂሎንግ ማሊያ የኮከቦች ቡድን ውስጥ ሲገባ፣ እኛ ደግሞ 14 ጨዋታ አሸንፈን ዘጠነኛ ወጥተን ወደ ፍጻሜው ዙር ከሚያልፉት ስምንቱ ውጭ ስንቀር ቁስሉ እንደገና አመረቀዘ። በመስቀል ዕለት በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ብሪዝበን ጂሎንግን 122 ለ75 ሲያሸንፍ፣ በአንዱ ወገን ስሚዝ፣ በሌላው ጆሽ ደንክሊ ነበሩ። ሁለቱም የኛ ነበሩ። ያንን ማየት ያማል፤ እኔንም አሞኛል።

ግን ንዴት ሒሳብን አይተካም። የተጫዋች ዋጋ የሚወሰነው በችሎታው ብቻ አይደለም። ከችሎታው በፊት የሚታየው ውሉ የሚያልቅበት ዓመት ነው። ውል ያለውን ተጫዋች ክለቡ አልሰጥም ካለ ማንም አይወስደውም፤ ክለቡም በፊናው ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ ወደ ሌላ ሊልከው አይችልም። ደንክሊ በ2020 ወደ ኤሰንደን ልሂድ ሲል ውል ነበረበት፤ ቡልዶግስ እምቢ አለ፤ ቀረ። በ2022 ውሉ ሲያልቅና ብሪዝበንን ሲመርጥ ክለቡ ተደራድሮ 21ኛውን ፒክና የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙር ፒክ የጨመረ ጥቅል ተቀበለ። ያው ሰው፣ ያው ክለብ፤ የተለወጠው ውሉ ነው።

ታዲያ ስሚዝስ ለምን በርካሽ ሄደ? እሱም ውሉ አልቆ ነበር። ደንክሊ ግን በሄደበት ዓመት የክለቡ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ነው የወጣው። ስሚዝ በ2023 ዲሴምበር የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ የ2024ን ውድድር አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተም። ገዢው ለታመመ ጉልበት ቅናሽ ይጠይቃል። ውል ያለቀበት ሰው ደግሞ ስምምነቱ ከከሸፈ ራሱን ለድራፍት አቅርቦ መሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀድሞ ክለቡ ባዶ እጁን ይቀራል። «እምቢ ማለት ነበረባቸው» የምትሉ የሉክ ቦልን ነገር አስታውሱ። በ2009 ሴንት ኪልዳና ኮሊንግውድ በዋጋ አልተስማሙም። ቦል ወደ ድራፍት ገባ፣ ኮሊንግውድ በ30ኛው ፒክ ወሰደው፣ ሴንት ኪልዳ ምንም አላገኘም። በሚቀጥለው ዓመት ኮሊንግውድ በድጋሚ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ያሸነፈው ሴንት ኪልዳን ነው።

ይህን ስል ክለቡ አልተሳሳተም ማለቴ አይደለም። በእኔ እምነት ስህተቱ የተሠራው ኦክቶበር ላይ አይደለም፤ ውሉ ሳይታደስ የመጨረሻው ዓመት እንዲገባ በተፈቀደበት ጊዜ ነው። ብንከራከር በዚያ ላይ ነበር መከራከር የነበረብን። በዚያ ላይ ግን አንድም ሰው አልተናገረም።

ሁለተኛው ያጣላን የ2020ው ዝውውር ነው። አሁንም «14ኛውን ፒክ አባከኑ» የሚል አለ። እስቲ በቁጥር እንየው። የዚያን ዓመት በክለቡ የኔክስት ጄኔሬሽን አካዳሚ (የወጣቶች ማሠልጠኛ) ያደገው ጃማራ ዩግል ሄገን አንደኛ እንደሚጠራ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሌላ ክለብ የአካዳሚህን ልጅ ስም ሲጠራ ልጁን ለማስቀረት የዚያን ፒክ ነጥብ በእጅህ ባሉት ፒኮች ነጥብ ትከፍላለህ። የአንደኛ ፒክ ነጥብ 3000 ነው፤ በጊዜው 20 በመቶ ይቀነስ ስለነበር የሚፈለገው 2400 ነበር። 14ኛው ፒክ በጊዜው 1161 ነጥብ ብቻ ነበረው። ቡልዶግስ እሱንና የሚቀጥለውን ዓመት ሁለተኛ ዙር ፒክ ለኮሊንግውድ ሰጥቶ 26ኛውን፣ 33ኛውንና 42ኛውን ወሰደ። ነጥባቸው 729፣ 563 እና 395፤ ሲደመር 1687። በዚያ ላይ ተጫዋቹ አዳም ትሬሎር መጣ፣ ያውም ከደመወዙ ከፊሉን ኮሊንግውድ እየከፈለ። ሦስት ትንንሽ ፒክ ከአንድ ትልቅ የበለጠበት ምክንያት ይኸው ነው። ነጥብ ለሚሰበስብ ክለብ ቁጥሩ ይበልጣል፤ ልጅ ለሚመርጥ ክለብ ደግሞ ቦታው ይበልጣል። ሁለቱም ከድርድሩ የፈለጉትን ይዘው ወጡ።

ዘንድሮ ግን ይህ ስሌት እንደ ድሮው አይሠራም፤ ከሰሞኑ ክርክር በፊት ይህን እንወቅ። ቅናሹ ከ20 ወደ 10 በመቶ ወርዷል። 1000 ነጥብ ለሚያወጣ ልጅ ድሮ 800 ይከፈል ነበር፤ አሁን 900 ነው። ከ54ኛው በኋላ ያሉ ፒኮችም ነጥብ የላቸውም። የመጨረሻ ዙር ፒኮችን እየለቃቀሙ የአባት ልጅ (አባቱ ለክለቡ የተጫወተ) ወይም የአካዳሚ ልጅ ማስቀረት ቀርቷል። ስለዚህ በዚህ ኦክቶበር የሁለተኛ ዙር ፒክ ከወትሮው ቢወደድ አትደነቁ። ደግሞም ኦክቶበር ላይ 17ኛ የተባለ ፒክ በድራፍቱ ምሽት 17ኛ ላይሆን ይችላል፤ ከፊቱ አንድ ክለብ ነጥብ ከፍሎ የራሱን ልጅ ባስቀረ ቁጥር አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይገፋል። በ2024 ሌቪ አሽክሮፍት በ5ኛ፣ ሊዮ ሎምባርድ በ9ኛ፣ አይዛክ ካኮ በ13ኛ ሲገቡ የኛም 17ኛ ተገፍቷል።

ፍሪ ኤጀንት (ውሉ ሲያልቅ ያለ ዝውውር ድርድር ክለብ መቀየር የሚችል ተጫዋች) የሚለውን ቃልም ያለ ቦታው እየጠራን ተጣልተናል። ስሚዝ ፍሪ ኤጀንት አልነበረም፤ በክለቡ ስድስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። የሚጠየቀው ስምንት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ሞልቶት ውሉ ያለቀ ተጫዋች ከክለቡ ከፍተኛ ተከፋዮች ሩብ ውስጥ ከሆነ ክለቡ ሌላው ክለብ ያቀረበለትን ደመወዝ እኩል አቅርቦ ማስቀረት ወይም ለድርድር ማስገደድ ይችላል። በ2020 የሲድኒው ጃይንትስ በጀረሚ ካሜሮን ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በዚያው ከጂሎንግ ሦስት አንደኛ ዙር ፒክ አገኘ። እኩል ካላቀረበ ማካካሻ ፒክ የሚሰጠው ሊጉ ነው፤ ወሳጁ ክለብ ከኪሱ ምንም አያወጣም። «ለምን እንዲህ አልጠየቁም» ከማለት በፊት የትኛው መንገድ ክፍት እንደነበር መጠየቅ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ በማኅበራችን ደብተር ውስጥ ነበር። የእያንዳንዱ ተጫዋች ውል የሚያልቅበት ዓመት፣ በክለቡ የቆየበት ዘመን፣ ዕድሜውና ጉዳቱ፣ ክለቡ በእጁ ያለው ፒክና በቅርቡ የሚመጡ የአባት ልጆች። ወንድማችን ለዓመታት በእጁ እየጻፈ ሲያስተካክለው ኖሯል። ሰንጠረዡን አሳይቶ «ዋጋው ይኸው ነው» ስላለ ብቻ በዚሁ አዳራሽ «የክለቡ ጠበቃ» ተብሎ ተሰደበ። ደብተሩን ካቢኔው ውስጥ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልተጨመረበትም። ያን ቀን መድረኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ንግግሩን ማስቆም ሲገባኝ አላስቆምኩም። በጉባኤው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ጋሼ፣ እዚህ እንደሌሉ አውቃለሁ፤ ቃሌን የሚያደርሱልዎ ግን አሉ። ወንበርዎ አልተያዘም። ሰድበው የወጡት ሁለቱ ወንድሞቼም ዛሬ የሉም። ለእናንተም የምለው አለኝ፦ ቤይሊን ስለወደዳችሁት እንደተናደዳችሁ ይገባኛል፤ የተሰደበው ሰው ግን ቤይሊን የሸጠው አይደለም። ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። ከዚያ ሦስታችሁም ኑ።

የቀራችሁት ብዙኃኑ አባላትም ብትሆኑ አትከፉብኝ እንጂ፣ በዝውውሩ ሳምንት ማታ ማታ አዳራሹ ጢም ይላል፤ ሥራ ሲመደብ ግን የሚመጡት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። የአካዳሚውን ነገር ብቻ ውሰዱ። ያ በር የተከፈተው ለነባር ሕዝቦች ልጆችና እንደ እኛ ከአፍሪካና ከእስያ ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነው። ቅዳሜ ከእኛ ጋር የሚሮጡት ልጆች በአካባቢው ክለብ በወቅቱ ካልተመዘገቡ አሠልጣኝ አያያቸውም። ቅጹን ከወላጆች ጋር ቁጭ ብሎ የሚሞላ ሁለት ሰው ጠይቄ አንድ አላገኘሁም። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ፒክ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ማኅበር ለራሱ ልጅ አንድ ቅጽ መሙላት ያቅተዋል? ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ስም እፈልጋለሁ።

የዝውውሩ መስኮት በቀናት ውስጥ ይከፈታል። ሥራ አስፈጻሚው የወሰነው እንዲህ ነው፦ በክርክር ምሽት ማንም ሰው ስለ አንድ ተጫዋች አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ደብተሩ ይከፈታል፣ የተጫዋቹ መስመር ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ እድል ይሰጣል። በውሉ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ የተናገረ የዚያን ምሽት እድሉን ያጣል። የሚቃወም ካለ በአጀንዳ 3 ላይ ይናገር።

ደብተሩን ጸሐፊያችን ከካቢኔው አውጥተው ይዘውታል። መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ፤ መጀመሪያ የሚያነቡልን ውላቸው ዘንድሮ የሚያልቅ ተጫዋቾችን ስም ነው። እስክሪብቶ ያላችሁ አዘጋጁ።