ለገና ስንት ሰው እንሆናለን?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው። ይህን የድምፅ ዝግጅት ክፍል የምቀርጸው ደሴ፣ እናቴ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ አልፎ አልፎ ከኋላዬ የሚሰማችሁም እናቴ ኮረሪማ የምትወቅጥበት የሙቀጫ ድምፅ ነው። እንድታቆምልኝ አልጠየቅኋትም፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ገና ማዕድ ዝግጅትና በዝግጅቱ መካከል ስለምንለዋወጠው የቤተሰብ ወሬ ስለሆነ፣ ሙቀጫውም የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

ለበዓሉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ጌሾው ከተጠነሰሰ ሰንብቷል፤ እንኩሮው ታምሶ ገብቶ ድፍድፉ ጋኑ ውስጥ ተከድኗል። በቤቱ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፦ «ስንት ሰው እንሆናለን?» እናቴ ይህን የምትጠይቀው የዶሮውን ቁጥር ለመወሰን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲጨምር ግን የዘመዶቿን ኑሮ የምታጠናው በዚህ ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ሥራ ፍለጋ አገር ለቅቆ እንደወጣ የምታውቀው «ትመጣላችሁ ወይ?» ብላ ስትጠይቅና ከመልሱ በፊት ያለውን ዝምታ ስታዳምጥ ነው።

ዕቅዱ የሚጻፍበት አንድ ደብተር አለን። ሽፋኑ ቅቤ የጠጣ፣ ጠርዙን በርበሬ ያቀላው፣ መሐሉ በክር ተሰፍቶ የተጠናከረ ደብተር ነው። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እርሷ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ገና የራሱ ገጽ አለው፤ ከላይ ዓመተ ምሕረቱ፣ ከሥሩ ደግሞ «የአክስትሽ ቤት፣ አምስት»፣ «የኮምቦልቻዎቹ፣ አራት»፣ «ዕቁብ የምንጠጣቸው፣ ሁለት» እየተባለ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የቆዩትን ገጾች ሳገላብጥ፣ የአክስቴ ቤት ቁጥር ከአምስት ወደ አራት የወረደበት ዓመት ላይ እጄ ቆመ። ባለቤቷ ያረፉበት ዓመት ነው። «ሞቱ» የሚል ቃል የትም አልተጻፈም፤ አምስት የነበረው አራት ሆኗል፣ ይኸው ነው። ከሦስት ገጽ በኋላ ደግሞ የልጅ ልጅ ተወልዶ እንደገና አምስት ይላል።

ይህን ያህል ስለ ቁጥር የምናገረው፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ ቁጥር ምክንያት የበደልሁት ሰው ስላለ ነው። በ2017 ሥራ በዝቶብኝ፣ ለያንዳንዱ ዘመድ መደወሉን ትቼ፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለገና የምትመጡ ሰዎች ቁጥራችሁን አሳውቁ» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ በአንድ ምሽት ተጠናቅቆ ስለመጣልኝ ደስ አለኝ። ኮምቦልቻ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ «ዘንድሮ አይመቸንም፣ መልካም በዓል» የሚል ጽሑፍ ከአንድ የአበባ ሥዕል ጋር ላከች፤ እኔም ከደብተሩ ላይ አራት ቀነስሁ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ እንደሰማሁት፣ ትንሹ ልጇ ታምሞ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እርሷም የገናን ሌሊት ያሳለፈችው እኛ ዶሮ ከምናወጣበት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ነው። አንድ ሳሕን ምግብ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና የወሰደላት ከእኛ ወገን ማንም አልነበረም። እናቴ ስትሰማ አልተቆጣችኝም። «ድምጿን ብትሰሚው ኖሮ ታውቂ ነበር» ብቻ አለችኝ። ልጁ ድኗል፣ ዘንድሮም ይመጣል፤ ነገር ግን ያቺ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ማታ ማታ ስልክ ስደውል ቆየሁ። የተሠራ የበዓል ሥዕል መላክን የሚያህል ቀላል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ሲላክልኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያ ሥዕል ለሁሉም እኩል የሚላክ ስለሆነ ከላኪው ኑሮ ምንም አይነግረኝም። ስደውል ግን የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች፣ የአጎቴ ዓይን ሞራ ተገፍፎለት ማየት እንደጀመረ፣ ለሦስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች በሽማግሌ እንደታረቁና በአንድ መኪና እንደሚመጡ ሰማሁ። ይህን የመጨረሻውን ስነግራት እናቴ ወዲያው «እንግዲያው ጎን ለጎን አታስቀምጫቸው፣ ፊት ለፊት ይሁኑ፤ ሲጎራረሱ እንዲተያዩ» አለችኝ።

ወልድያ ያለችው አክስቴ ግን አትመጣም። ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ስንቋን ይዛ በእግሯ ላሊበላ ትሄዳለች። ታኅሣሥ 29 የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ስለሆነ በዚያ በዓሉ እጥፍ ነው። ስትመለስ የምትተርክልን ሁልጊዜ አንድ ነው፣ እኛም አይሰለቸንም፦ ካህናቱ ግማሾቹ ከአለቱ አናት ላይ፣ ግማሾቹ ከቤተ ማርያም ግቢ ሆነው ከላይና ከታች እየተቀባበሉ «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ሲሉ፣ የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ መሆናቸውን፤ የከተማው ሰው የመንገደኛውን እግር አጥቦ እንደሚያሳድር፤ የማታውቃት ሴት እግሯን ስታጥባት እንዳለቀሰች። በቅዳሜው፣ ጥር 2 ቀን፣ ደሴ ትደርሳለች ብለናል። ድርሻዋ ይቆያታል።

ጅዳ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ስድስተኛ ዓመቱን ያዘ። በወሎ እንዲህ ያለ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የጅዳ ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ በመሆኑ፣ ለእርሱ ዕለቱ የሥራ ቀን ቢሆንም አቦል ሲቀዳ ይደውላል፤ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስደግፈን ተራ በተራ እንነጋገራለን። እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን እንደበላ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ግድግዳ የምንጋራቸውን ጎረቤቶቻችንን ሳንቆጥር በጠቅላላው 31 ሰው እንሆናለን፤ ከእነዚህ 22ቱ ክርስቲያኖች፣ ዘጠኙ ሙስሊሞች ናቸው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ለ22ቱ ሁለት ዶሮና 24 እንቁላል ይበቃል፤ ከሚተርፉት ሁለት ብልቶች አንዱ የአክስቴ ነው፣ ሌላው ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ ይቀመጣል። በእናቴ መስፈሪያ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይገባል፤ ያለ ዘይት በዝግታ እየተማሰለ ውኃውን እስኪጨርስ ድረስ ቁሌቱ ከእሳት አይወርድም። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎበት ይጋገራል። የሰፈሩ ቅርጫ ላይም አንድ መደብ አለን። ዶሮው፣ ሽንኩርቱና ኮባው በመጪው ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27፣ ከሰኞ ገበያ ይገዛሉ፤ የገበያው ቀንና የበዓሉ ዋዜማ እንዲህ ተቀራርበው ሲውሉ ለሴቶች ትልቅ እረፍት ነው።

ስደውል ብዙ ሰው የጠየቀኝ ስለ ዕለቱ ነው። ዘንድሮ ልደት ረቡዕ ይውላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውሉ የዕለቱ ጾም ስለማይጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የያዝነው ጾመ ነቢያት ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ይፈታል። ማክሰኞ 28 ግን ገሃድ ነው፤ የዶሮው ወጥ የሚሠራውም በዚያው ቀን ነው። እናቴ በጾም ቀን የምትሠራውን ወጥ አትቀምስም። ጨዉን መዳፏ ላይ አፍስሳ በአውራ ጣቷ ጥቂት መለስ ታደርጋለች፤ ከዚያ ማሰሮውን ከፍታ እንፋሎቱን ታሸታለች፣ ትከድነዋለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአባቴ አጉርሳ ፊቱን ታያለች። በእስካሁኑ ኑሯቸው «ጨው አነሰው» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የዘጠኙ ሙስሊም እንግዶቻችን ዝግጅት ለብቻው ነው። ታናሽ እህቴ ያገባችው የሙስሊም ቤት ልጅ ነው፤ ከአማቶቿና ከባሏ እኅቶች ጋር ገና ለእኛ፣ ዒድ ለእነርሱ ሲሆን እየተመላለስን እንበላለን። ሥጋው አይገናኝም። የእነርሱ በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ ድስቱ፣ መክተፊያው፣ ማማሰያው ሁሉ የተለየ ነው፣ የሚሠራውም በሙስሊም ሴት እጅ ነው። ለመጠጥ አክስቴ ከላስታ ባመጣችው ማር ብርዝ ይበጠበጣል፤ ዳቦውንና ቡናውን አብረን ነው የምንቋደሰው። ከሌላ አካባቢ የመጡ ወዳጆቼ ይህ አያደክምም ወይ ይሉኛል። ያደክማል። ሆኖም እንግዳ ሰው ሳይጠራጠር እንዲበላ ማድረግ ከጥሪው ሁሉ የሚበልጥ ክብር እንደሆነ ተምሬ ነው ያደግሁት።

ያንን ምግብ ለሃያ ዓመት ያህል የሠሩልን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እትዬ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ጦርነቱ በ2014 ጥቅምት ላይ ደሴ ሲደርስ እኛ ቤታችንን ጥለን ስንወጣ እርሳቸውና ባለቤታቸው አልወጡም። በታኅሣሥ ስንመለስ ጓዳው ባዶ ነበር፤ ይህን ደብተር ግን ከግቢው ጭቃ ላይ አንሥተው፣ ጠርገው፣ በፌስታል ጠቅልለው አቆይተውልን ነበር። የዚያ ዓመት ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ «ሽሮ፣ ሰባት» የሚል ብቻ ነው። ሽሮውም ከእርሳቸው ቤት የመጣ ነው።

ባለቤታቸው በዚህ በሰኔ መግቢያ አረፉ። የበጉን ነገር ሁልጊዜ የሚይዙት እርሳቸው ነበሩ፤ ከገበያ መርጠው ያመጡታል፣ በገና ጠዋት ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል። እትዬ ዒዳቸውን፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቀውን የሐዘን ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ ጨርሰዋል፤ የሐዘን ቤት ግን የሐዘን ቤት ነው፣ ድስት ጣዱልን ብሎ መሄዱ ከበደኝ። እናቴ ደግሞ አለመጠየቁ የባሰ ነው፣ ሰው የለመደውን ቦታ ስትነሺው ሁለተኛ ሐዘን ነው አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ ሄድሁ። ቡና አፍልተው፣ አቦሉን ጀባ ብለው፣ እኔ ነገሩን ከየት እንደምጀምር ሳስብ ራሳቸው ጀመሩት።

«ዘንድሮ ስንት ሰው ናችሁ?» አሉኝ።

ዘጠኝ እንግዶች መኖራቸውን፣ እርሳቸውና ልጆቻቸው ሲጨመሩ አሥራ ሦስት እንደሚሆኑ ነገርኋቸው። ከዚያም፣ «እትዬ፣ ዘንድሮ ቢደክምዎት ሌላ ሰው እንፈልጋለን፤ እንዳይከብድዎት ብዬ ነው» አልሁ።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ። «ድስቱን የማውቀው እኔ ነኝ።» ሲኒውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። «በጉን ማን ያርደዋል?»

የእህቴ አማት እንደሚያርዱት ነገርኋቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲመለሱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር። ጨርቁን ፈትተው አሳዩኝ፤ እጀታው ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ የባለቤታቸው ቢላ ነው። እጄ ላይ አላስቀመጡትም፤ እንደገና ጠቀለሉት።

«እርሳቸው ይረዱት» አሉኝ፣ «ቢላውን ግን መጥተው ከእኔ እጅ ይውሰዱ።»

ለእህቴ አማት ያንኑ ማታ ደውዬ ነገርኋቸው። ረቡዕ በማለዳ፣ እኛ ቤት ከመግባታቸው በፊት፣ መጀመሪያ እትዬ ቤት ይገባሉ። እኔና እትዬ ደግሞ በመጪው ሰኞ ገበያ አብረን እንወርዳለን፤ በጉን እርሳቸው ይመርጡታል። በደብተሩ የ2018 ገጽ ላይ፣ ከሽንኩርቱና ከኮባው ቀጥሎ፣ እናቴ እንደነገረችኝ «ቢላ፣ ከጎረቤት» ብዬ ጽፌያለሁ።