የማክሰኞ ሒሳብ

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይክራፎኑ ብቻ ነን። ድምፄ ትንሽ ተዘግቷል፣ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። እኔ ባለሁበት አገር ሥራ አግኝቷል፤ ደብዳቤው እጁ ገብቷል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ "በል እውነቱን ንገረኝ፤ የቱ ይሻላል?" አለኝ። ሁለቱም አገር ኖሬያለሁ፤ መልስ ሊኖረኝ ይገባ ነበር። አፌ ተያዘ።

የአገሮቹን ስም አልጠራም። ከጠራሁ ግማሻችሁ የአንዱ፣ ግማሻችሁ የሌላው ጠበቃ ትሆኑና ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ልጁ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የደወለው። አዲሱን ደመወዝ በምንዛሪ አባዝቶ፣ አሁን ከሚያገኘው ጋር አስተያይቶ፣ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አልሳቅሁበትም። እኔም ስመጣ ያንኑ ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ በኪሴ ይዤ ነበር። የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ ስከፍል ወረቀቱ አበቃለት።

ምንዛሪ የሚነግራችሁ አንዱ ገንዘብ በሌላው ስንት እንደሚመነዘር ነው። ኑሮ ግን የሚሸመተው በምትኖሩበት ቦታ ዋጋ ነው። ፀጉር መቆረጥን አስቡ። መቀሱ ያው፣ ጭንቅላቱ ያው፣ የሚፈጀው ጊዜ ያው። ዋጋው ግን በአንዱ አገር የሌላውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቆራጩ የተሻለ ስለሚቆርጥ አይደለም። እሱም እዚያው ይኖራል፤ የዚያን አገር ኪራይ ይከፍላል። ስልክ በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ስለሚዞር ዋጋው ያን ያህል አይራራቅም። የፀጉር ቆራጭ እጅ ግን አይጫንም። ቤት አይጫንም። ልጅ የምትጠብቅ ሴት ጉልበትም እንዲሁ። ኢኮኖሚስቶች ይህን አስተካክለው ለማወዳደር "የመግዛት አቅም" የሚሉት ስሌት አላቸው። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን ቀልድ ቢጤ አድርጎ አገሮችን በአንድ ሃምበርገር ዋጋ ማወዳደር ጀመረ። ቀልዱ እስካሁን አላለቀም።

አማካይ የሚባለውም ነገር አሳሳች ነው። የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲባል እያንዳንዱ ነፍስ ያን ያህል የሚያገኝ ይመስላል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢኮኖሚዋ በአንድ ዓመት ከ25 በመቶ በላይ አደገ ተባለ። እስቲ አስቡት፤ የአየርላንድ ሰው ማታ ተኝቶ ሲነሳ ሩብ ያህል ሀብታም ሆነ? አልሆነም። ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የፈጠራ መብቶቻቸውንና ሌላ ንብረታቸውን በሰነድ ወደዚያ ስላዛወሩ ነው። በኋላ የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ራሱ ይህን ቀንሶ የሚያሳይ ሌላ መለኪያ ማውጣት ግድ ሆነበት።

ገቢ ብቻውን አይበቃም ያሉ ሰዎች ድሮም ነበሩ። ፓኪስታናዊው ኢኮኖሚስት ማህቡብ ኡል ሐቅ ህንዳዊውን ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴንን ይዞ የቀረጸው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ገቢ ላይ ዕድሜንና ትምህርትን ጨመረበት። ዕድሜን ብቻ እንኳ ብታዩ፣ ኮስታሪካ በገቢ ከአሜሪካ በብዙ ታንሳለች፤ ሰዎቿ ግን በአማካይ ከአሜሪካኖች ትንሽ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የሰዓት ነገር ነው። አሜሪካዊ ሠራተኛ በዓመት በአማካይ 1,800 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ ጀርመናዊው 1,350 ገደማ። ጀርመን ውስጥ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ብዙ ስለሆነ ቁጥሩ ልዩነቱን ትንሽ ያጋንነዋል። ቢሆንም በቀን ስምንት ሰዓት ብታካፍሉት ከ50 የሥራ ቀን በላይ ነው። ይህ በየትኛው ምንዛሪ ይመነዘራል?

እንግዲህ ቁጥሩ ይብቃንና ወደራሴ ልመለስ።

ለዓመታት "እዚህ ገንዘብ አለ፣ እዚያ አገር ቤት ግን ፍቅር አለ" የሚለውን ወሬ አምኜ እደግም ነበር። አሁን ደስ አይለኝም። በድሮው አገሬ ስታመም ጎረቤት ተሸክሞኝ ሮጧል፤ እውነት ነው። የሮጠው ግን አምቡላንስ ስለማይመጣም ነው። ሰውዬው በትከሻው የመንግሥትን ሥራ ሠራ። እኔ ፍቅር ያልኩት ነገር ግማሹ ለእሱ ድካም ነበር። እሱን ማንም የቱ ይሻላል ብሎ አልጠየቀውም።

ሌላም ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። የድሮውን አገር ሳስብ የማስታውሰው የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ኪራይ አልከፍልም፣ ጉልበቴ አይታመምም፣ ጓደኞቼ በሙሉ በእግር የሚደረስበት ቦታ ናቸው። አዲሱን አገር የማውቀው በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ሆኜ ነው። ለካ አገር ከአገር ሳይሆን ዕድሜዬን ከዕድሜዬ ጋር ሳወዳድር ኖሬያለሁ። እዚያው ቀርቼ ቢሆን ኖሮም ጓደኞቼ ያገቡ ነበር። ጉልበቴም አይቀርለትም ነበር።

ደግሞ እዚያ በሙያዬ የምታወቅ ሰው ነበርኩ፤ እዚህ ከታች ጀመርኩ። ስለዚህ ያወዳደርኩት የአንዱን አገር መካከለኛ ፎቅ ከሌላው አገር ምድር ቤት ጋር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የእኔ ምስክርነት እምብዛም አይታመንም።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ የስልክ ሒሳብም አለ። "የአንድ ማክሰኞህን ውሎ ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት በሰዓት ጻፍልኝ" አልኩት። "ለምን ማክሰኞ?" አለኝ። ማክሰኞ ምንም ስለማይሆንበት ነው። ቅዳሜን ማንም ያሳምረዋል።

በማግስቱ ላከልኝ። ትራንስፖርት ጥበቃ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። መብራት ጠፍቶ ሥራ የቆመበት፣ ሁለት ሰዓት። ከሥራ በኋላ እናቱ ጋ ጎራ ማለት፤ ይህኛው ሰዓት አልተጻፈለትም። ከዚያ ከሰፈር ልጆች ጋር መቆም፣ እሱም ሰዓት የለውም።

እኔም የራሴን ላክሁለት። ጥበቃ የለ፣ መብራት የጠፋበት የለ፤ ሁሉም በደቂቃው። አምስት መስመር ብቻ ሆነ።

"የቀረውስ?" ብሎ ጻፈልኝ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። የሥራ መልሱን የሚሰጠው አርብ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ማክሰኞ የለም።